ሳልታይ የሞላሁት ጋን

ሰው ሲያመሰግነኝ መደበቅ ያምረኛል። ለታመመ ጎረቤት አጥሚት ይዤ ገብቼ «እግዜር ይስጥሽ፣ አንቺ እኮ ደግ ነሽ» የተባልኩ እንደሆነ፣ አሜን ብሎ እንደመቀበል ዓይኔ ወደ በሩ ይሄዳል፤ ሌላ ማን ሰማ እያልኩ። ልጆቼ ይስቁብኛል። «እማዬ ስትመሰገን የሰረቀች ትመስላለች» ይላሉ፤ አልዋሹም።

ባለፈው ነሐሴ ለዘመድ ለቅሶ አገሬ ገብቼ፣ ከጥርባ ወዲህ ባለችው የልጅነት ቤተ ክርስቲያኔ ደጀ ሰላም ላይ ቆምኩ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። የረጠበ ጽድ፣ የረጠበ ጋቢ፣ ብዙ እግር የረገጠው ቀይ ጭቃ፤ ያ ሽታ አፍንጫዬ ሲደርስ የልጅነቴ የአንድ ክረምት ጭንቀት እንዳለ ተመለሰብኝ። ድሮ የእግር መታጠቢያው ጋን በነበረበት ቦታ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ቆሟል። ሰው አየኝ አላየኝ ብዬ ግራ ቀኝ ከተገላመጥኩ በኋላ ክዳኑን ከፍቼ ውስጡን አየሁ። ግማሽ ድረስ ውሃ ነበረው።

ልጅ ሳለሁ አንድ ክረምት አባቴ ከቆላ ታሞ መጣ።

አባቴ በበጋ ድንችና ገብስ በፈረስ ጭኖ ወደ ቆላ ይወርዳል፤ ጥጥና በርበሬ ጭኖ ይመለሳል። ክረምት ሳይጠና፣ ወንዙ ሳይሞላ መመለስ ደንቡ ነው። በዚያ ዓመት ግን ሰኔ ገባ፣ አልመጣም። ሐምሌ ገባ፣ አልመጣም። እናቴ በመንገዱ በኩል ውሻ በጮኸ ቁጥር ከእሳት ዳር ብድግ ትላለች። ሐምሌ ሲጋመስ ፈረሱ መጣ፤ አባቴ አንገቱ ላይ ተደፍቶ፣ እንዳይወድቅ ወገቡ ከኮርቻው ጋር በገመድ ታስሮ። የመንገድ ጓደኛው አውርዶ መደብ ላይ አስተኛውና «ንዳድ ነው» አለን። ከዚያ ሌላ የተናገረው ትዝ አይለኝም።

ንዳዱ አመል ነበረው። አንድ ቀን ይነሳበታል። ጥርሱ እስኪንቀጫቀጭ ይንቀጠቀጥና ከዚያ ይግላል፤ ላቡ ጋቢውን አልፎ መደቡን ያርሳል። በማግስቱ ይተወዋል፤ ቁጭ ብሎ የአጃ አጥሚት ይጠጣል፣ ስሜን ጠርቶ አጠገቡ ያስቀምጠኛል፣ ተሻለው እንላለን። በሦስተኛው ቀን ደግሞ እንደገና ይነሳበታል።

ሲግል የሚያወራው በአገውኛ ብቻ ነበር። እናቴ የቡሬ ልጅ ናት፤ የገበያውን አገውኛ ትሰማለች እንጂ የትኩሳቱን አትሰማም። «ምን አለ? አንጓች፣ ምን አለ?» ትለኛለች። አባቴ የሞተች እናቱን እየጠራ ነበር፤ መጣሁ፣ ጠብቂኝ እያለ። እኔ «ውሃ ስጡኝ አለ» እላታለሁ። እናቴ ቅሉን ይዛ ትሮጣለች።

በዚያው ሰሞን እማሆይ ወለተ ኪዳን ወደቁ። እማሆይ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጥግ፣ በአንዲት ጎጆ የሚኖሩ መነኩሲት ነበሩ። የእኛ አገር ክረምት ጭቃ ነው፤ ቅዳሴ የሚመጣው ሰው ሁሉ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ተለቅልቆ ይደርሳል። ስለዚህ ደጀ ሰላሙ ላይ አንድ ትልቅ ጋን ነበር፣ አፉ ላይ ጣሳ የተደፋበት። ሰው በጣሳው እየቀዳ እግሩን ታጥቦ ይገባል። ጋኑን የሚሞሉት እማሆይ ናቸው፤ ከታች ከምንጩ በእንስራ እየተመላለሱ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ የሚያስታውስ ስላልነበር፣ ጋኑ በራሱ የሚሞላ ይመስል ነበር። እማሆይ በምንጩ ዳገት ላይ አዳልጧቸው በወገባቸው ሲወድቁ ነው ጋኑ ባዶ መሆን እንደሚችል ያየነው። ያም ሆኖ ሥራው የእማሆይ ነው ብሎ ሁሉም ስለለመደ እንስራ ያነሳ አልነበረም።

እኔ ደግሞ ስለት ፈልጌ ነበር። ሰው ሲጨንቀው ለእመቤታችን እንደሚሳል አውቃለሁ፤ ጥላ፣ ጧፍ፣ በግ ይሳላሉ። እኔ ያለኝ ጀርባዬና አንዲት ትንሽ እንስራ ናት። ጾመ ፍልሰታ ሊገባ ሲል ከጓሯችን ቀርከሃ ሥር ተንበርክኬ ተሳልኩ። ጾሙ እስኪፈታ ጋኑን እሞላለሁ፤ አንቺም አባቴን አድኝልኝ አልኳት። እማሆይን ለመርዳት አስቤ ነበር ብል ውሸት ነው። እማሆይ ትዝም አላሉኝ።

ይህ ብቻ ቢሆን ምንኛ በቀለለኝ። ነገሩን ያከበደው ጾሙ የገባበት እሑድ ስብከት ነው። በዚያ እሑድ አንድ ባላባት ለቤተ ክርስቲያኑ ምንጣፍ ሰጥተው ነበር፤ ከአስመራ የመጣ ነው ተባለ፣ ቀይ፣ ዳርና ዳሩ ወርቅማ። ቅዳሴው ሳይጀመር ስማቸው ተጠራ፣ ምንጣፉም ሰው እንዲያየው በሁለት ሰው ተይዞ ከቆየ በኋላ ተነጠፈ። እኔ ገና መሙላት ስላልጀመርኩ ጋኑ ባዶ ነበር፤ ሕዝቡ በነጭቃው ገባ፤ ቅዳሴው ሲያልቅ ወርቅማው ዳር አይታይም። ባላባቱ ፊታቸው ጠቆረ። መምሬ ተገኝ፣ ቄሳችን፣ ይህን አይተው ነው መሰለኝ ስብከታቸውን ወደዚያ ወሰዱት።

«ሰው ይይልን ብለን የሠራነው ሥራ ዋጋው የሰው ዓይን ነው» አሉ። «በላነው፣ አለቀ። ወደ ላይ ስንሄድ የሚጠብቀን የለም። ሰው ያላየውን ግን እግዚአብሔር ያየዋል፤ የሚከፍለውም እሱን ነው።»

ባላባቱ ጢማቸውን እያሻሹ «እውነት ነው» አሉ። እኔ ከሴቶቹ መሐል ቁጭ ብዬ በድን ሆንኩ። የገባኝ እንዲህ ነው። ሰው ያየው ሥራ ይበላል። ጋኑን ስሞላ አንድ ሰው ካየኝ ስለቴ ተበላ። ስለቴ ከተበላ አባቴ ይሞታል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌባ ሆንኩ። የምወጣው ጉሙ ሳይገፈፍ ነው። ከዘንገና ሐይቅ በኩል የሚመጣው የክረምት ጉም የዘረጋሽውን እጅ ይሸፍናል፤ ያንን ጉም እንደ እናት ወደድኩት። እናቴን ጥጃዋን ልፈልግ ነው እላታለሁ። እንስራዬን ከማታው ቀርከሃው ውስጥ እደብቃለሁ። ምንጩ ጋ ስደርስ መጀመሪያ አዳምጣለሁ፤ ሳል፣ የእግር ኮቴ፣ የበሬ ደወል የሰማሁ እንደሆነ ረጥቦ የበሰበሰ ሣር ውስጥ በሆዴ እተኛለሁ። ጋኑ እስከ ደረቴ ይደርስ ነበር። የእኔ እንስራ ለእሱ ጉርሻ ናት፤ ሞልቼው ስመለስ ጀርባዬ ይቃጠላል፣ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። እንደ አባቴ ንዳድ ያዘኝ ብዬ ደግሞ እፈራለሁ።

ሕጉ ቀላል አልነበረም። ጥጃ ቢያየኝስ? ጥጃ ሰው አይደለም፣ አይቆጠርም። በእናቱ ጀርባ ያለ ሕፃንስ? መናገር ስለማይችል ይለፍ አልኩ። ያስቸገረኝ የጀርባ ነገር ነው። አንድ ጠዋት ጎረቤታችን እትዬ ውዴ፣ ወሬ የማታሳድር ሴት፣ ከጉሙ ውስጥ ድንገት ብቅ አለችና «አንች፣ ማነሽ?» አለች። እንስራዬን አቅፌ ቁልቁል ሮጥኩ። ያየችው ጀርባዬን ብቻ ነው። ጀርባ እኔ ነኝ ወይ? ቀኑን ሙሉ ይህን ሳወጣ ሳወርድ ዋልኩ። በማግስቱ አባቴ ንዳዱ ተነሳበት። መልሱን አገኘሁ፤ ጀርባም ይቆጠራል።

ደግሞ ደጀ ሰላሙ ሥር የሚለምኑት ዓይነ ስውሩ አያ ዘለቀ አሉ። እሳቸው እዚያው ስለሚያድሩ ውሃው ጋኑ ውስጥ ሲንቆረቆር ይሰማሉ። «ማነህ? ማነሽ?» ይላሉ። ትንፋሼን እይዛለሁ። «ማንም ሁን፣ እግዜር አባት እናትህን ያኑርልህ» አሉ አንድ ቀን። ምርቃትስ ዋጋ ነው ወይ? በላሁት ወይ? እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። አባቴ በማግስቱ ቁጭ ብሎ በስሜ ጠራኝ። ስለዚህ ዓይነ ስውር አይቆጠርም፤ ምርቃቱም ደህና ነው። ንዳዱ ራሱ ቀን እየዘለለ የሚነሳ መሆኑን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ ግን የበሽታው አመል ነው ብዬ አንድም ቀን አላሰብኩም። ጥፋቱን ሁሉ ከራሴ ላይ ነበር የምፈልገው።

ሕዝቡ ጋኑ ሞልቶ ማግኘት ጀመረ። ማን ሞላው? መቼም እማሆይ ናቸው። በሁለተኛው እሑድ እማሆይ በምርኩዝ እየተጎተቱ ከጎጇቸው ወጥተው ቅዳሴ ቆሙ። መምሬ ተገኝ ስብከታቸው መጨረሻ ላይ ወደ እሳቸው እያመለከቱ «እማሆይን እዩ፣ በተጎዳ ወገባቸው እንኳ ጋኑን አላጎደሉብንም» አሉ።

«እኔ አይደለሁም መምሬ» አሉ እማሆይ።

«ትሕትናቸውን አያችሁ?» አሉ መምሬ።

«ትሕትና አይደለም። እኔ አይደለሁም። እንስራዬ ተሰብሯል።»

እትዬ ውዴ ጉልበታቸውን ልትስም ወደቀች። እማሆይ በምርኩዛቸው ገፋ አደረጓትና በአገውኛ አንድ ነገር አጉረመረሙ። ደግ ነገር እንዳልሆነ የሰማነው አገውኛ የምናውቀው ብቻ ነን፤ ሌላው ጸሎት መስሎት አሜን አለ። እኔ በመጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ተደበቅሁ፣ ሌላ ሰው ምስጋናውን ወሰደልኝ። ማታ ግን እማሆይ ያላበሰሉትን እየበሉ መሆናቸው አስፈራኝ፤ እመቤታችን ተሳስታ ዋጋውን ለእሳቸው ብትሰጥስ?

ጾሙ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው የአባቴ ንዳድ አመሉን ለወጠ። ማረፊያ ቀኑ ጠፋ። ዛሬም ነገም ይግላል፤ እኔንም አያውቀኝም። መምሬ ተገኝ ጸበል ይዘው መጡ፣ ረጩት፣ ደገሙለት። ሲወጡ እናቴን በጓሮ በኩል ለብቻዋ አነጋገሯት። እናቴ ስትመለስ አልቅሳ ነበር። የአባቴን የክት ጋቢ ከሳጥን አውጥታ አጠበችና እሳት ዳር ሰቀለችው። በዚያ ክረምት ቤት ውስጥ እንዲያ የሚታጠብ ነጭ ጋቢ ለምን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ አያቴ ስትሞት አይቻለሁ። እናቴም እኔም ወደ ጋቢው እንዳናይ ተጠንቅቀን ዋልን።

በማግስቱ ጠዋት ጉሙ ከወትሮው ወፍሮ ነበር። የመጀመሪያውን እንስራ ተሸክሜ ደጀ ሰላሙ ስደርስ ከጋኑ ሥር «ቁሚ» የሚል ድምፅ መጣ።

እማሆይ ናቸው። ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፣ ምርኩዛቸው ጉልበታቸው ላይ ተጋድሟል። «የአለኸኝ ልጅ አይደለሽ?» አሉኝ የአባቴን ስም ጠርተው። «አንች ነሽ ለካ ያልሠራሁትን የምታስመሰግኚኝ።»

እንስራውን እንዳዘልኩ ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ። «ለምን አዩኝ እማሆይ?» አልኳቸው። «አባቴን ገደሉብኝ።»

«ነይ፣ ቀስ ብለሽ ንገሪኝ» አሉ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለቱን፣ የመምሬን ስብከት፣ የእትዬ ውዴንና የጀርባውን ነገር፣ የአያ ዘለቀን ምርቃት፣ እሳት ዳር የተሰቀለውን ጋቢ። ይስቃሉ ብዬ ነበር፤ ወይም ሞኝ ነሽ ይሉኛል ብዬ። እማሆይ ግን ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ ሳቡና ፊታቸውን እስከ አገጫቸው ሸፈኑ። ከዚያ ያንን የታመመ ወገባቸውን እያቃሰቱ አዙረው ወደ ግንቡ ዞሩ።

«ዓይኔ ደክሟል» አሉ ከነጠላው ሥር። «ጉም ነው ያየሁት። ሂጅ ገልብጭው።»

ገለበጥኩ። ቸኩዬ ስለነበር ግማሹ መሬት ፈሰሰ።

«ጨረስሽ?»

«አዎ።»

«አባትሽ ኪኒን ወስዷል?»

ኪኒን የንዳድ መድኃኒት መሆኑን ያኔ አላውቅም ነበር። አላውቅም አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና «ሂጅ፣ ሌላውን ቅጂ። እኔ ነገ እዚህ አልቀመጥም» አሉኝ።

በዚያን ቀን እማሆይ ቅዳሴ አልነበሩም። ወገባቸው ጠንቶባቸው ነው ተባለ። ከሁለት ቀን በኋላ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው በዝናብ ርሶ፣ ፈረሱም እስከ ሆዱ ጭቃ ለብሶ ከቤታችን ደረሰ። ከዳንግላ ከሐኪም ቤት ኪኒን ይዞ መጥቷል፣ በወረቀት ተጠቅልሎ፣ ወረቀቱም በኮባ ቅጠል። እናቴ አወቀችው፤ ከወንዙ ማዶ የሚኖር የእማሆይ የእኅት ልጅ ነው። «ማን ላከህ?» አለችው። «ሰው» አለና እንዴት እንደሚዋጥ ነግሯት ሄደ። እማሆይ በዚያ ወገብ፣ በዚያ ምርኩዝ፣ ያንን የሞላ ወንዝ ተሻግረው እቤቱ ድረስ ሄደው እንደነበር ቆይተን ሰማን። እናቴ ልታመሰግን ብትሄድ «እኔ ከጎጆዬ ወጥቼም አላውቅ» ብለው መለሷት።

አባቴ መራራውን እየዋጠ ፊቱን ያጨማድዳል፤ ማጨማደዱ ራሱ ደስ አለን። ቀኑ አለፈ፣ ንዳዱ አልተነሳም። የሚቀጥለውም አለፈ። እናቴ ነጩን ጋቢ ከእሳት ዳር አውርዳ መልሳ ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ፍልሰታ ተፈታ። እኔ እስከ መጨረሻው ቀን ሞላሁ፤ ከዚያ እንስራዬን ግድግዳ ላይ ሰቀልኩ። ስለቴ ደርሷል፣ አባቴ ተነስቷል። ከዚያ በኋላ ስለ ጋኑ አንድም ቀን አላሰብኩም፤ ጠዋት ጠዋት እስኪበቃኝ ተኛሁ።

በመስከረም የመጀመሪያው እሑድ አባቴ ከታመመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ነጩን ጋቢ ለብሶ፣ በአንድ እጁ ምርኩዝ በአንድ እጁ ትከሻዬን ይዞ። ዝናቡ ገና አልለቀቀም ነበር። ቀጭን እግሩ ጭቃው ውስጥ ሲሰምጥ ነቅሎ ለማውጣት ይቆማል፣ ይተነፍሳል። ደጀ ሰላሙ ደርሰን ጣሳውን አንስቶ ጋኑ ውስጥ ሰደደው። ጣሳው የጋኑን ሆድ ሲፍቅ ሰማሁ።

«ባዶ ነው» አለ አባቴ።

እናቴ ግባ አለችው፣ ሁሉም በነጭቃው ነው የሚገባው አለችው። እግሩን አየ። «ከሞት ወዳወጣኝ አምላክ ቤት በዚህ እግር አልገባም» አለና ከጽዱ ሥር ቆመ። ቅዳሴው እስኪያልቅ እዚያው ቆመ። ካፊያው ጋቢውን እያራሰው፣ እኔ ከጎኑ ሆኜ ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ እያየሁ፣ አሁን ይነሳበታል፣ አሁን ይነሳበታል እያልኩ። ማንም አላየኝም፣ ስለቴን የበላብኝ የለም፤ እንዲህ ግን ፈርቼ አላውቅም።

እማሆይ ሲወጡ አዩት። ወደ ባዶው ጋን ተመለከቱ፣ ወደ እኔ ግን አላዩም። «ይቅር በለኝ፣ አለኸኝ» አሉት። «ወገቤ እምቢ አለኝ።»

አባቴ ጎንበስ ብሎ ምርኩዝ የያዘ እጃቸውን ሳመ። እኔ የማየው የእማሆይን የእግር ጣቶች ነበር፣ ወደ ሌላ ማየት አልቻልኩም።

በማግስቱ ጠዋት እንስራዬን ከግድግዳው አወረድኩ። ጉም አልነበረም፤ ሰማዩ ተገልጦ ፀሐይ ወጥታለች። ገበያ የሚሄደው ሰው መንገዱን ሞልቶታል። እትዬ ውዴ ገና ከሩቅ አየችኝ። «አንጓች ናት? ለቤተ ክርስቲያን ነው ውሃው? እዩልኝ ይህችን ልጅ፣ ተባረኪ የኔ ልጅ» እያለች የመንገዱን ሰው ሁሉ አስቆመች። ያ የማውቀው ፍርሃት መጣ። እንስራዬን አላወረድኩም። አልፌያት ሄድኩ።

እማሆይ ጎጇቸው በር ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ስመጣ አይተውኝ ነጠላቸውን ሳቡና እንደዚያን ዕለት ፊታቸውን ሸፈኑ። «አላየሁሽም» አሉ ከሥር። እየሳቁ እንደሆነ ከትከሻቸው አወቅሁ።

«ቢያዩኝም ግድ የለም እማሆይ» አልኳቸው። «ዛሬ የምለምነው የለኝም።»

ነጠላውን ቀስ ብለው ከፊታቸው አነሱት። መሳቁን ትተው አዩኝ። እኔም ውሃውን ገልብጬ እንደገና ወደ ምንጩ ወረድኩ፤ ጋኑ ገና ግማሽ አልደረሰም ነበር።